አረንጓዴው እጅ እና ከአስር ሦስቱ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ፊልምና ተከታታይ ድራማ እያየሁ በቪዲዮ አስተያየት እሰጣለሁ። ተከታታዮቼ «ዶክተር ሁ» የሚባለውን የቢቢሲ የሳይንስ ልቦለድ ድራማ ካላየሽ ብለው ወጥረው ያዙኝ። እሺ ብዬ እ.ኤ.አ. በ1975 የተላለፈውን «ዘ አርክ ኢን ስፔስ» አራቱንም ክፍል በአንድ ሌሊት አየሁት። ጭራቁ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ነው! እየሳቅኩ ከአስር ሦስት ሰጠሁት። ከዚያ የወረደብኝን ስድብ አይጠይቁኝ። የአሜሪካኖቹ የጠፈር ድራማ ስታር ትሬክ እኮ በዘጠኝ ዓመት ይቀድመዋል፣ ግን እንዲህ አያስቅም። የድሮ ስራ ስለሆነ ብቻ ነጥብ ልጨምርለት? ወይስ እንዳየሁት ልናገር?

መልስ፦ መሳቅሽ ጥፋት የለውም። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ቀን ስቄያለሁ። ያ ፕላስቲክ ፍሪጅና ቲቪ ተጠቅልሎ የሚመጣበት፣ ልጆች በጣታቸው እየተጫኑ ጧ ጧ የሚያደርጉት ነው። ዛሬ የሁላችንም ቤት አለ። እና ሳቂ። ችግሩ፣ ሳቁ ካለፈ በኋላ ምን እንደቀረ ሳታዪ ነጥብ መስጠትሽ ነው።

እኔ ከሃያ ዓመት በላይ የቴሌቪዥን ድራማ ኤዲት ሳደርግ የኖርኩ ሰው ነኝ። የድሮ ድራማ ሳይ የምጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ይህ ያስጠላኝ ነገር ገንዘብና ጊዜ ቢጨመርበት ይስተካከል ነበር ወይ? አዎ ከሆነ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነካ አድርጌው አልፋለሁ። አይ ከሆነ ግን እዚያው ላይ ቁጭ እላለሁ። ያኔ ጉዳዩ የኪስ ሳይሆን የጭንቅላት ነው። ሙገሳም እንደዚያው ነው፤ በብር ያልተገዛውን ጥሩ ነገር ነው የምፈልገው።

ያንቺኑ ታሪክ እንውሰድ። የመጨረሻዎቹ የሰው ልጆች ምድር ስትቃጠል አምልጠው፣ በአንድ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ በረዷማ እንቅልፍ ተኝተዋል። ለሺዎች ዓመታት። እነሱ ተኝተው ሳለ አንዲት ግዙፍ ነፍሳት ገብታ እንቁላሏን ጥላባቸዋለች። መሪያቸው ኖዋ ይነቃል፤ ሊቆጣጠር ሲል የነፍሳቷ እጭ ይነካዋል። ከዚያ ጀምሮ አንድ እጁን ከኪሱ አያወጣም። ልብ ብለሽዋል? እኔ ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ነው ያስተዋልኩት። ሰውየው ያዛል፣ ይቆጣል፣ ይሄዳል፤ እጁ ግን ኪሱ ውስጥ ነው።

የሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ከሺዎች ዓመታት በፊት የተቀዳ የአንዲት ሚኒስትር ድምፅ በጣቢያው ውስጥ ይሰማል። ለሰው ልጅ የእንኳን ደስ ያላችሁ ንግግር ነው። ይህን ድምፅ እየሰማችሁ ከሆነ ተርፋችኋል፣ ታላቁ እቅዳችን ተሳክቷል ትላለች። ኖዋ በዚሁ ድምፅ መሀል እጁን ከኪሱ ያወጣና ያየዋል። እጁ የሰው እጅ አይደለም።

እጁ ላይ ያለው ያ ያሳቀሽ ፕላስቲክ ነው፣ አዎ። ግን ሚኒስትሯን ከእጁ ጋር ያገናኘው ማነው? ጸሐፊው ሮበርት ሆምስ ነው። ከሱ በፊት ለዚህ ታሪክ የቀረበው ጽሑፍ አልሆን ብሎ እሱ ነው ከመሰረቱ እንደገና የጻፈው። ያ ንግግርና ያ እጅ ጎን ለጎን እንዲመጡ ማድረግ አምስት ሳንቲም አያስወጣም። ኤዲተር ስለሆንኩ ይሆናል፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር ሳይ ባርኔጣ ባይኖረኝም አነሳለሁ። የመጀመሪያው ክፍል ደግሞ አለ። ከተኙት ሰዎችና ከተቀዱ ድምፆች ሌላ በዚያ ክፍል ውስጥ የምታያቸው ሦስት ተዋንያን ብቻ ናቸው። ዶክተሩና አብረውት የሚጓዙት ሳራ ጄንና ሃሪ። ሃያ አምስት ደቂቃ ሦስት ሰው ይዞ ማስጨነቅ ቀላል እንዳይመስልሽ።

የስታር ትሬክን ነገር በጥሩ ሰዓት አነሳሽው። አንቺ ያየሽው ልዩነት እውነተኛ ነው፤ ምክንያቱ ግን ከታሪኩ ጋር አይገናኝም። ስታር ትሬክ እንደ ሲኒማ በ35 ሚሊሜትር ፊልም፣ በአንድ ካሜራ፣ ሾት በሾት ነው የተቀረጸው። እያንዳንዷ ሾት የራሷ መብራት አላት። ጭራቁ የማያምር ከሆነ ጥላ ውስጥ ታስገቢዋለሽ፣ አለቀ። ዶክተር ሁ ደግሞ ቢቢሲ ስቱዲዮ ውስጥ፣ በብዙ የኤሌክትሮኒክ ካሜራዎች በአንድ ጊዜ፣ ቪዲዮ ቴፕ ላይ ነው የሚቀዳው። ተዋናዩ ትዕይንቱን ሳያቋርጥ ይጫወታል፣ ላይ ክፍል ያለው ሰው ከካሜራ ወደ ካሜራ ይቀይራል። መብራቱ ለሁሉም ካሜራ መሆን ስላለበት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይበራል። ያኔ የሚደበቅ ነገር የለም። የአርክ ኢን ስፔስ ጣቢያ ደግሞ ነጭ በነጭ ነው። እዚያ ውስጥ አረንጓዴ ፕላስቲክ ለብሶ መሬት ለመሬት የሚሳብ ሰው አስቢ። መከራ ነው።

ሌላም አለ። በቢቢሲ ስቱዲዮ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን መብራት ይጠፋ ነበር። በእንግሊዞቹ አቆጣጠር 10 ሰዓት ማለት ነው። ከዚያ ማለፍ ትርፍ ሰዓት ነው፣ ትርፍ ሰዓት ደግሞ ውድ ነው። እና ሩብ ጉዳይ ሲሆን የቀሩት ትዕይንቶች እንዴት እንደሚቀረጹ መገመት አያቅትሽም። በኛም አገር ስቱዲዮ ያልፈሰሰ ላብ የለም። አንድ ጊዜ አንድ ተዋናይ የሚስቱን ስም ረስቶ የእህቷን ስም ጠራ። ስርጭቱ በማግስቱ ስለነበር እንዳለ ለቀቅነው። አንድም ሰው አልደወለልንም። ወይ ማንም አላየውም፣ ወይ ሁሉም ሌላ ነገር አለ ብሎ ጠርጥሯል።

ወደ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ስትሄጂ ይብሳል። ዶክተር ሁ የተጀመረው ቅዳሜ ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው፤ ኬኔዲ በተገደሉ ማግስት። የኛ ቴሌቪዥን ራሱ ገና አንድ ዓመት ይቀረው ነበር። ፕሮዲዩሰሯ ቬሪቲ ላምበርት ያኔ የ27 ዓመት ሴት ናት፤ ዳይሬክተሩ ዋሪስ ሁሴን ሕንድ የተወለደ ወጣት። ሳምንቱን ይለማመዳሉ፣ አርብ ማታ እንደ ቀጥታ ስርጭት ሳያቋርጡ ይቀዱታል። ቴፕ መቁረጥ ማለት እውነተኛውን ቴፕ በምላጭ መቁረጥ ነበር፤ ስለዚህ ዝም ብሎ አይቆረጥም። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ዶክተር ዊልያም ሃርትኔል (ዶክተሩን በየዘመኑ ሌላ ተዋናይ ነው የሚጫወተው) በጨረር መከላከያ «መድኃኒት» ፋንታ «ጓንት» ብሎ፣ ወዲያው አርሞ ሲቀጥል የምታዪው። በዚያው ታሪክ ዳሌኮች የሚባሉትን ብረት ለበስ የዶክተሩ ጠላቶች ሠራዊት አስተውለሽ ተመልከቺ። የተሰሩት አራት ብቻ ናቸው። ከኋላ ተሰልፈው የቆሙት ትልቅ ተደርገው የታተሙ ፎቶዎች ናቸው። ይህን ለመሳቅ ተጠቀሚበት፣ ደስ ይላል። ድራማውን ለመጣል ከተጠቀምሽበት ግን የገመገምሽው የሂሳብ ክፍሉን ነው።

የገንዘቡ ጉዳይ በማስረጃ ይሁን ካልሽ «ስፒርሄድ ፍሮም ስፔስ»ን እዪ። ጃንዋሪ 1970 የተላለፈ፣ የመጀመሪያው ባለቀለም የዶክተር ሁ ታሪክ ነው። ስቱዲዮው ውስጥ የስራ ማቆም አድማ ተነሳ። አማራጭ ሲያጡ ሙሉውን ውጭ ወጥተው በ16 ሚሊሜትር ፊልም ቀረጹት። ያው ፕሮግራም፣ ያው ኪስ፤ ግን ስታዪው ሲኒማ ይመስላል። እዚያ ውስጥ አንድ የምወደው ትዕይንት አለ። ለንደን፣ ማለዳ፣ ገና ሰው ያልበዛበት መንገድ። ልብስ መሸጫ መስኮት ውስጥ የቆሙት አሻንጉሊቶች ይንቀሳቀሳሉ። መስተዋቱን ሰብረው ወጥተው ሰው መግደል ይጀምራሉ። አሁን መልሰሽ አጫውቺው፤ መስተዋት ሲሰበር አታዪም። ለመስበር አቅም አልነበራቸውም። የመሰበሩን ድምፅ ብቻ ትሰሚያለሽ፣ ከዚያ አሻንጉሊቱ ውጭ ነው። እኔ ለዓመታት መስተዋቱ ሲሰበር ያየሁ ይመስለኝ ነበር። ማጣት እንዲህ በብልሃት ሲሸፈን ግምገማ ውስጥ መጻፍ አለበት። የአረንጓዴውን ፕላስቲክ ያህል ቦታ ካልሰጠሽው ሚዛንሽ ተንጋዷል።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን እንምጣ። ተከታታዮችሽ «የዘመኑ ነው፣ ተይው» ብለውሽ ይሆናል። እሱንም አልቀበልም። በ1977 የተላለፈ «ዘ ታሎንስ ኦፍ ዌንግ ቺያንግ» የሚባል ታሪክ አለ፤ ስድስት ክፍል ነው። ጸሐፊው ያው ሮበርት ሆምስ ነው። ብዙ አድናቂ ከምርጦቹ ተርታ ያስቀምጠዋል፤ ንግግሩና ጭጋጋማው የቪክቶሪያ ለንደን ድንቅ ነው። የከተማው የቆሻሻ ውኃ ቦይ ውስጥ ግዙፍ አይጥ አለ። አይጡ የተሞላ ትራስ ነው የሚመስለው። ብር ቢጨመር ይስተካከል ነበር? አዎ። እለፊው። ዋናውን ቻይናዊ ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ግን ጆን ቤኔት ነው፤ ዓይኑ ላይ ሜካፕ የተለጠፈበት ነጭ እንግሊዛዊ። ብር ቢጨመር ይስተካከል ነበር? አይስተካከልም። እንዲያውም በዚያው ታሪክ ውስጥ ትንንሾቹን ሚናዎች የተጫወቱ የእስያ ዝርያ ያላቸው ተዋንያን አሉ። ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ተመርጦ ነው። ደግሞ «ያኔ ማንም አይከፋውም ነበር» የሚባለው ትክክል አይደለም። ካናዳ ውስጥ የቻይና ማኅበረሰብ ቅሬታ አቅርቦ ቲቪ ኦንታሪዮ ታሪኩን ሳያስተላልፈው ቀርቷል። እና እዚህ ላይ ቁጭ ብለሽ ጻፊ። ንግግሩ ድንቅ ነው ማለትም ትችያለሽ። ሁለቱንም እዚያው ግምገማ ውስጥ አስቀምጪ፤ አንዱ ሌላውን እንዲያጥበው አታድርጊ።

ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ዓይነት አለ፦ ርዝመት። «ጄኔሲስ ኦፍ ዘ ዳሌክስ»ን ስታዪ ይገባሻል። እሱም 1975 ነው። ዶክተሩ ሁለት ሽቦ ይዞ ይቆማል። ሁለቱ ከተነካኩ ዳሌኮች ከመወለዳቸው በፊት ያልቃሉ። አንድን ዘር ሙሉ ለማጥፋት መብት አለኝ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ሽቦና አንድ ጥያቄ፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲከራከርበት ኖሯል። እዚያው ታሪክ ውስጥ ደግሞ የሃሪን እግር የሚይዝ ግዙፍ የባሕር ቀንድ አውጣ መሳይ ነገር አለ። ለምን መጣ? ስድስት ሳምንት መሞላት ስለነበረበት። ብር ቢኖር የሚያምር ቀንድ አውጣ ይሆን ነበር እንጂ አስፈላጊ አይሆንም ነበር።

ርዝመቱን ካነሳን፣ አራቱን ክፍል በአንድ ሌሊት ማየትሽን አልወደድኩትም። ይህ ድራማ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ እንዲታይ ነው የተሰራው። መልሶ ማየት የለም፣ መቅጃ የለም። ስለዚህ ገጸ ባሕርያቱ ባለፈው ሳምንት የሆነውን እርስ በርስ ያወራሉ፤ ለነሱ ሳይሆን ለረሳው ተመልካች። ተይዘው ያመልጣሉ፣ አምልጠው ይያዛሉ፣ ኮሪደር ውስጥ ይሮጣሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ስታዪው አይታወቅሽም። በአንድ ሌሊት ስታዪው የሳምንት እንጀራ በአንድ ማዕድ ጨርሶ «ሆዴ ተነፋ» እንደማለት ነው። ሳምንት ጠብቂ አልልሽም፣ ስራ አለሽ። በቀን አንድ ክፍል ግን አያቅትም። እያንዳንዱ ክፍል እንዳለቀ ነገ ምን እንደሚሆን የገመትሽውን ጻፊ። ያ ማስታወሻ ከሁሉም የተሻለ የግምገማ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ድራማው እንዴት እንደያዘሽ ወይም እንዳልያዘሽ ያሳያል።

ደግሞ ሰው ያለውን ሰምተሽ አትጀምሪ። የዚህ ድራማ ታሪክ በዚህ በኩል አስገራሚ ነው። ቢቢሲ በዚያን ዘመን ቴፕ ውድ ስለነበረና መልሶ ማስተላለፍ ስላልታሰበ ብዙውን አጥፍቶታል። ዛሬም ከ90 በላይ ክፍሎች የሉም። የጠፉት ሁሉ ድምፃቸው ግን አለ። ልጆችና ወጣቶች ቤታቸው ቁጭ ብለው ማይክራፎን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠው በቴፕ ስለቀዱት ነው። አስቢው፤ አንድ ትልቅ ድርጅት ያጠፋውን ልጆች አተረፉት።

ታዲያ የ1967ቱ «ዘ ቱም ኦፍ ዘ ሳይበርመን» ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ ያዩት ሰዎች «ወደር የለውም» ሲሉ ኖሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሆንግ ኮንግ ሲመለስ፣ ተዋናዩን ወደ ላይ ያነሳው ሽቦ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጥሩ ታሪክ ነው፣ ግን ትዝታ ያሳደገውን ያህል አልሆነም። «ዘ ኢነሚ ኦፍ ዘ ወርልድ» ደግሞ ግልባጩ ነው። ከስድስት ክፍሎቹ ሦስተኛው ብቻ ነበር የተረፈው፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም የደከመው ነው። በዚያ አንድ ክፍል ተፈርዶበት «አሰልቺ» ሲባል ኖረ። በ2013 መገኘታቸው ይፋ የሆነው የቀሩት አምስቱ የተገኙት የት መሰለሽ? ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ ውስጥ። የአፍሪካ ጣቢያዎች የገዙት የፊልም ቅጂ ከአገር አገር ይዞር ነበርና እዚያ ቀርቶ ተገኘ። ሰው ሙሉውን ሲያይ አፉን ያዘ። ፓትሪክ ትራውተን ዶክተሩንም ሳላማንደር የሚባለውን አምባገነንም ሆኖ ይጫወታል። ሁለቱ ሰዎች አንድ ፊት ይዘው አንድም ነገራቸው አይመሳሰልም። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ የተሳሳቱት ገምጋሚዎች ሞኞች አልነበሩም። ያላዩትን ነው የገመገሙት።

ከሙያዬ አንዲት ብልሃት ላካፍልሽ። ኤዲት የማደርገው ድራማ ላይ ግራ ሲገባኝ ስክሪኑን አጥፍቼ ድምፁን ብቻ እሰማለሁ። ታሪኩ ያለ ምስል ከቆመ ጽሑፉ ጤነኛ ነው። ከዚያ ደግሞ ድምፁን አጥፍቼ ምስሉን አያለሁ፤ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ከገባኝ ዳይሬክተሩ ስራውን ያውቃል። የአርክ ኢን ስፔስን ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ አምስት ደቂቃ ፊትሽን አዙረሽ ስሚው። ፕላስቲኩ የለም፣ የሚያስቅ ነገር የለም። ሚኒስትሯ እንኳን ደስ ያላችሁ ትላለች፣ አንድ ሰው ይጮሃል። ከዚያ ድምፁን አጥፍተሽ መልሰሽ እዪው። ያኔ ደግሞ ያ ሁሉ ነጭ ብርሃን ምን ያህል እንደጎዳው ታያለሽ። ግምገማሽ በሁለቱ መሀል ነው ያለው።

ነጥቡን በተመለከተ፣ ለእርጅናው ብለሽ አትጨምሪ። ያ ውለታ ሳይሆን ንቀት ነው፤ ለሽማግሌ በእግር ኳስ ጎል እንደመልቀቅ ያለ። እኔ ብሆን ሰባት እሰጠዋለሁ። ሦስተኛው ክፍል ይንዛዛል፣ ያ የሚሳብ ነገር ደግሞ ያን ያህል ረጅም ጊዜ ሙሉ ብርሃን ውስጥ መታየት አልነበረበትም። እዚህ ላይ ዳይሬክተሩን እወቅሳለሁ፤ ፕላስቲኩን ርካሽ ያደረገው ኪሳቸው ቢሆንም ካሜራው ፊት ያቆየው ውሳኔያቸው ነው። አንቺ ደግመሽ አይተሽ አራት ብትዪ አልጣላሽም፣ ምክንያትሽን ካየሁ።

ቀጥሎ «ዘ ኬቭስ ኦፍ አንድሮዛኒ»ን እዪ፤ 1984፣ አራት ክፍል፣ ዳይሬክተሩ ግሬም ሃርፐር። በ2009 አንድ መጽሔት አንባቢዎቹን ሲጠይቅ ከሁሉም አንደኛ ብለው የመረጡት እሱን ነው። እዚያ ውስጥ ሞርገስ የሚባለው ነጋዴ በየመሀሉ ወደ ካሜራው ዞሮ ለኛ ያወራል፤ ተዋናዩ የተሰጠውን መመሪያ በሌላ መንገድ ተረድቶት ነው፣ ሃርፐር ሲያየው ወዶት ተወው። ዋሻው ውስጥ ደግሞ አንድ አውሬ ይመጣል። ምን እንደሚመስል አልነግርሽም። ስትስቂ ግን ቪዲዮውን አታቁሚው፤ ቶሎ ያልፋል።